አባ ኪዳኔ የቀመሱት ድምፅ

ባለፈው እሑድ ታናሹ ልጄ ሰሎሞን ጓደኞቹን አስከትሎ ቤቴ መጣና ሳሎኑን ያዙት። ስብሰባ አለን አለኝ። ፓርቲያቸው ለሚመጣው ምርጫ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያቀርበው፤ እነሱ ግን ሁለት ሰው አላቸው። እኔ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ጋዜጣዬን ይዣለሁ፤ በሩ ክፍት ስለሆነ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ። መጀመሪያ «ክቡር» ተባባሉ፤ ቀጥሎ «ወንድሜ»፤ ቀጥሎ «ስማ እንጂ አንተ»፤ ከዚያ የወንበር መንኳኳት መጣ። ይሄኔ ባለቤቴ የሺ ትኩስ ቆሎ በሰፌድ ይዛ በፊቴ ስታልፍ የሽንብራው፣ የባቄላውና የገብሱ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ጋዜጣውን አጠፍኩት።

«የሺ፣ ሰዎቹ ድምፅ ሊሰጡ ነው። ቆሎውን ባታስገቢላቸው ይሻላል» አልኳት።

«አንቱ ደግሞ! ያ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልዎትም?» ብላ ሳቀችና ሰፌዱን እኔው አጠገብ አስቀምጣ ውኃ ልትቀዳላቸው ገባች።

እውነቷን ነው፤ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ስለዚህ ልጻፈው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ጣሊያን ከወጣ ብዙ ክረምት አልፎ ነበር፤ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው የጸኑ ነበሩ። ጎንደር ፒያሳ ላይ ጣሊያን ሠርቶ የተዋቸው ፎቆች ቀለማቸው አልፈዘዘም። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ለማየት ብቻ ከአዘዞ በእግሩ የሚመጣ ሰው ነበር፤ አይቶ፣ ተገርሞ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ይመለሳል። ዛሬ እኔ የምኖርበት ማራኪ ያኔ ሜዳ ነበር፤ ተማሪ በየሰርቪሱ የሚከራይበት፣ ሚኒባስ የሚጮህበት አልነበረም። እኔ ከጃንተከል ዋርካ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የካኪ ሱሪ ማሰፊያው ሽልንግ፣ የልጅ ቁምጣ ስሙኒ። አቡጀዲው እንደዛሬው ሁለቴ ሲታጠብ ወንፊት አይሆንም፤ አባት ለብሶ ሲጠግብ ለልጁ ጥብቆ ይወጣው ነበር። ሽማግሌው ተፈሪ ሱሪ ያሰፋል፤ ጎረምሳው ደግሞ ሲኒማ ቤት በር ላይ ያየውን ሱሪ ካልሰፋህልኝ ይላል፤ የሁለቱንም እሰፋ ነበር። ከማዶው ቡና ቤት ግራሞፎን ሲዘፍን የስፌት መኪናዬን መርገጫ ከከበሮው ጋር አስማማው ነበር፤ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቴ ይጠማዘዝ ስለነበር ፈጣን ዘፈን እስከ ዛሬ አልወድም።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ያልገባኝን ቄሱን አባ ኪዳኔን እያስቸገርኩ። ዛሬ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ መብራት በራስጌያቸው፣ መጽሐፍ በግርጌያቸው እያለ ሲያዛጉ ሳይ ደሜ ይፈላል። ያነበበ ሰው ሁሉ አዋቂ አይሆንም፤ ይህንንም አውቃለሁ። ያላነበበ ግን ምን አጥቶ እንደቀረ እንኳ ሳያውቅ ይሞታል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ፓርቲ የሚባል ነገር ያኔ አይታወቅም። ሕዝቡ ለፓርላማ እንደራሴ ይመርጣል ተብሎ ሲታወጅ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያዘ፤ የሚያውቀው ደግሞ ማኅበሩን ነው። የእኛ የመድኃኔዓለም የጽዋ ማኅበር ነበር፤ በየወሩ በሃያ ሰባት በየተራ በአባላቱ ቤት እንጠጣለን። አባላቱ አሥራ ሦስት ነበርን፤ ጽዋውን የሚባርኩልን አባ ኪዳኔ ሳይቆጠሩ። ልብስ ሰፊ፣ ቆዳ ነጋዴ፣ ባለ ወፍጮ፣ አንድም መኳንንት የሌለበት ማኅበር ነው። ማኅበር የሚመራ ሰው ሙሴ ይባላል፤ የእኛ ሙሴ ቆዳ ነጋዴው አያ ፈንቴ ነበሩ፤ ቃል የሚቆጥቡ፣ ሲናገሩ ግን የሚያሳምሙ።

«የኮላ ድባው ፊታውራሪ ለወንበሩ ቆመዋል» አሉን አንድ ቀን። «ባላገሩ የእሳቸው ጭሰኛ ነው። ከተማው አንድ ሰው ካቆመ ያሸንፋቸዋል። ሁለት ካቆመ ፊታውራሪው ቁርሳቸውን በልተው ሳይጨርሱ ፓርላማ ይገባሉ። ከመካከላችን አንድ ሰው እናውጣ፤ ሌሎቹም ማኅበሮች እሱን እንከተላለን ብለውኛል።»

ሁላችንም ሸጋ ሐሳብ ነው አልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አላገኘንም፤ እንሁን የሚሉ ሁለት ሰዎች ተነሡ።

አንዱ ባሻ አለምነህ ናቸው። አርበኛ የነበሩ፣ ማክሰኝት ላይ ርስት ያላቸው፣ ድምፃቸው ከቀሀ ወንዝ ማዶ የሚሰማ። ሌላ ሰው ሲናገር የሚያዳምጡ ይመስላሉ፤ ግን የሚቀጥለውን ፉከራቸውን እያሰናዱ ነው። ሁለተኛው አቶ ይርጋ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ የእኔ ጌታ። አስመራ ኖረው የመጡ፣ ባለ መነጽር፣ ባለ ሰዓት፣ «በሠለጠነ አገር» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር የማይጀምሩ። እናታቸው የዳባት ሰው ስለነበሩ ደጋው የእኔ ነው ይሉ ነበር፤ ዳባት ግን ሄደው አያውቁም፤ ብርዱን አልችለውም ይላሉ።

«መቀስ የያዘ ሁሉ አገር ቀዶ የሚሰፋ መሰለው!» ይላሉ ባሻ ጽዋው ላይ፣ ወደ ግድግዳው እያዩ። «ለፋሲካ የሰጠሁትን ኮት ለመስቀል ያደረሰ ሰው የሕዝብ አቤቱታ ለመቼ ሊያደርስ ነው?»

አቶ ይርጋ መነጽራቸውን ይወለውላሉ። «ባሻ ጀግና ናቸው፤ አልካድንም። ግን ጠላት ከሄደ ወዲህ የማረኩት ጠላ ብቻ ነው።»

እኔ ከሁለቱም ጋር የታሰርኩ ሰው ነበርኩ። የአቶ ይርጋ ሠራተኛ ነኝ፤ የምረግጠው መኪና የእሳቸው፣ የምበላው እንጀራ ከእሳቸው። የባሻ አለምነህ ደግሞ የወደፊት አማች ነኝ፤ ልጃቸውን የሺን በሽማግሌ ጠይቄ ተፈቅዶልኝ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። የሺን ያየኋት ሦስቴ ብቻ ነው፤ አንዴ ልደታ ደጅ፣ አንዴ ቅዳሜ ገበያ ቅመም ስትሸምት፣ አንዴ ደግሞ ከኋላዋ። ከኋላዋ ያየኋት በቅቶኝ ነበር።

ማኅበሩ ከሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከባሻ ጋር በቀኝ መደብ፣ ግማሹ ከአቶ ይርጋ ጋር በግራ መደብ መቀመጥ ጀመረ፤ እኔ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ፣ ንፋስ እየመታኝ። ባሻ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ትከሻዬን ጨምቀው «አማቼ፣ የጥር ድግስ እንዳይበላሽ ጌሾውን አስቀድሜ ነው የገዛሁት» ይሉኛል። ነገሩ ስለ ጌሾ አልነበረም። አቶ ይርጋ ደግሞ በማግሥቱ መስኮት ሥር ያለውን፣ ብርሃን ያለውን መኪና ሰጡኝ። «ዓይንህ ይረፍ፤ ለዚህ ውለታ አልጠይቅህም» አሉኝ። ውለታ አልጠይቅም ያለ ሰው እየጠየቀ ነው፤ ልጆቼ ይህን ያዙ።

አመራረጡ ራሱ አጣላን። አቶ ይርጋ «በሠለጠነ አገር ድምፅ በምስጢር ነው» አሉ። ባሻ «ወንድ ልጅ የሚደበቀው ከአውሬ ብቻ ነው፤ እጁን አውጥቶ ይናገር!» አሉ። አያ ፈንቴ ለምስጢሩ ፈረዱ፤ ወንድም ከወንድሙ እየተያየ እንዳይቀያየም። ግን ከአሥራ ሦስታችን ስሙን መጻፍ የሚችለው ግማሻችን እንኳ አይሞላም። በመጨረሻ በእህል ይሁን ተባለ፤ ለባሻ ሽንብራ፣ የማክሰኝት ርስታቸው የሚያበቅለው ስለሆነ፤ ለአቶ ይርጋ ባቄላ፣ ለእናታቸው አገር ሲባል። እያንዳንዱ አንድ ፍሬ በጭብጡ ይዞ ቅል ውስጥ ይጥላል፤ አባ ኪዳኔ ገልብጠው ይቆጥራሉ። ምን ይገኝበታል? ሕፃን እንኳ የማይሳሳትበት ነው ተባባልን።

ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ጾም። የጽዋው ተራ የባሻ ነበርና በእሳቸው ቤት ተሰበሰብን። ጥሬ እህል ይምጣ ቢባል የባሻ ባለቤት ከጓዳ ሆነው «ጥሬ ምነው አሁን ከየት ላምጣ? ለጽዋው ሁሉም ተቆልቷል» አሉ። የተቆላ ምን ክፋት አለው ተባለና የቆሎ ሰፌዱ ተከድኖ ጓዳው አፍ ላይ ከመጋረጃው አጠገብ ተቀመጠ። ቆሎውን የቆላችው የሺ ነበረች፤ እጮኛ ነችና ዓይኔ እንዳያያት ከመጋረጃው ጀርባ ናት። እኛ በየተራ እየሄድን እጃችንን ከክዳኑ ሥር ሰደን የምንፈልገውን እየመረጥን ወደ ቅሉ አመጣን። ባዶ ሆድ ይዞ ትኩስ ቆሎ ውስጥ እጅን ከቶ አንዲት ፍሬ ብቻ ይዞ መውጣት ቀላል ፈተና አይደለም። ባለ ወፍጮው እጁን አውጥቶ ጣቱን ሲያሸት አይቼዋለሁ።

የእኔ ተራ ደረሰ። እጄ ሰፌዱ ውስጥ እያለ አሰብኩ። ሽንብራ ባነሣ እንጀራዬ ይሄዳል፤ ባቄላ ባነሣ የሺ ትሄዳለች። ምስጢር ነው ቢባልም ሁለቱም ሰዎች ፊቴን ማንበብ ይችላሉ፤ እኔ ደግሞ ፊቴን መዝጋት አልችልበትም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሁለቱንም ለወንበሩ አላመንኳቸውም ነበር። አንደኛው አይሰማም፤ ሁለተኛው ቀጠሮ አያከብርም። ለሕዝብ የሚቆም ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን እንኳ መቻል አለበት። ጣቴ ገብስ አገኘ። ገብሷን ይዤ መጣሁና ቅሉ ውስጥ ጣልኳት።

ሁሉም ሲጨርስ ጀርባቸውን ለመጋረጃው ሰጥተው የተቀመጡት አባ ኪዳኔ ቅሉን ጣባ ላይ ገለበጡና ጣባውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሊቆጥሩ መነጽራቸውን ሲፈልጉ፣ ባሻ ድንገት ተነሡ። «ከመቆጠሩ በፊት አንዲት ቃል አለችኝ!» አሉ። የባሻ አንዲት ቃል! ከዘመቻው ጀመሩ፤ የፈረሳቸውን ስም፣ የበቅሏቸውን አመል ነገሩን፤ ወንዝ ተሻገሩ፣ ተራራ ወጡ፣ ቆሰሉ፣ ዳኑ። መናገር ሲጀምሩ ጾም ነበር፤ ሳይጨርሱ ጾሙ ተፈታ። የባሻ ቤት በር ላይ የፀሐይዋ ጥላ ደፉን ሲነካ ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ አባ ኪዳኔ ያውቁታል። ደግሞ የእኛ ልማድ ይታወቃል፤ ቄሱ ባርኮ ሳይቀምስ ማንም እጁን አይዘረጋም። ሽማግሌው ከሌሊት ጀምሮ ቅዳሴ የቆሙ ናቸው። ጥላዋን አዩ፣ ጭናቸው ላይ ያለውን ጣባ አዩ፣ በመስቀላቸው ባረኩት፣ «በስመ አብ» ብለው ከላይ ቆንጠር አድርገው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

ቆርር ሲል ሁላችንም ሰማነው።

ባሻ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። አያ ፈንቴ ብቻ «አባ፣ የሚያኝኩት የሰው ድምፅ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

አባ ኪዳኔ ማኘክ አቆሙ። ትንሽ አሰቡ። የባረኩትን መትፋት አይሆንምና ዋጡት።

ተቆጠረ። አምስት ሽንብራ፣ አምስት ባቄላ፣ አንዲት ገብስ። ሁለት ፍሬ ጎድሏል።

«የተበላው የእኔ ነው!» አሉ ባሻ።

«የተበላው የእኔ ነው!» አሉ አቶ ይርጋ እኩል።

«አባ ጥርስ አላቸው እንዴ ባቄላ የሚሰብሩት? የለሰለሰውን ነው የበሉት፤ ሽንብራ ነው!»

«ባሻ፣ አባ ባቄላ በድዳቸው ሲከኩ በዓይኔ አይቻለሁ! አባ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱ፤ ልጣጩ ይታያል» ብለው አቶ ይርጋ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

አባ ኪዳኔ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ ጋረዱ። «የቄስ አፍ ችሎት አይደለም! እኔ ቆሎ ነው የቀመስኩ። ቆሎ ሲታኘክ የባሻ ነኝ፣ የይርጋ ነኝ ብሎ አይናገርም።»

ከዚያ አንዱ ገብሷን አነሣ። «ይህችስ የማን ናት?» አለ። ሰው ሁሉ የተጣላበትን ረስቶ ገብሷን ማየት ጀመረ። እውነት እላለሁ፤ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ዝምታ አልለመደብኝም።

«የእኔ ናት» አልኩ።

«የአንተ?» አሉ ባሻ። «ገብስ ማን ነው? ገብስ የሚባል ሰው ቆሟል?»

«ማንም አይደለም። ሁለታችሁም ለዚህ ወንበር አትሆኑም ማለቴ ነው። ከእናንተ አያ ፈንቴ ይሻሉ ነበር።»

አያ ፈንቴ «እኔን ተወኝ፤ ከበሬ ተራ በቀር መንገድ አላውቅም» አሉ። የሳቀ ግን አልነበረም። ባሻ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «በሽንብራዬ ላይ ገብስ ለዘራ ልጄን አልሰጥም! ሰምታችኋል፤ የጥር ሰርግ ፈርሷል!» አቶ ይርጋም ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ፤ «ነገ ቁልፌን መልስ። የመስኮቱ መኪና ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።» በአንዲት ገብስ ሚስትም እንጀራም አጣሁ። ከመጋረጃው ኋላ አንድ ዕቃ ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ፤ የማስታጠቢያው ገንቦ ነበር።

ማኅበሩ በዚያው ፈረሰ፤ ባሻም አቶ ይርጋም በየራሳችን እንወዳደራለን አሉ። አፈራረሱም አያምርም፤ ጽዋው በባሻ ቤት ስለነበር ባሻ አንሰጥም አሉ፤ የመድኃኔዓለምን ሥዕል ደግሞ ያመጣው ባለ ወፍጮው የአቶ ይርጋ ወገን ነበርና አቅፎት ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በሃያ ሰባት ሁለት ማኅበር ሆነ፤ አንዱ ጽዋ አለው ሥዕል የለውም፤ ሌላው ሥዕል አለው ጽዋ የለውም፣ በጣሳ ይጠጣል። አያ ፈንቴ «ግማሽ ሙሴ አልሆንም» ብለው ከሁለቱም ቀሩ። አባ ኪዳኔ ሁለቱም ጋ እየሄዱ ይባርካሉ፤ ሁለቱም ጋ ግን ቆሎውን ሰው ሁሉ እያየ በሰፌድ ያቀርቡላቸው ነበር። ሴቶቹ አልተከፈሉም። የባሻ ባለቤት ጥንስሳቸውን ከአቶ ይርጋ ባለቤት ጋር ይጠነስሳሉ፤ ወንዶቹ ከሁለት ጎራ ሆነው ሲሰዳደቡ የሚጠጡት ጠላ ከአንድ ጋን የተቀዳ ነው። ሁለቱም ጋ የሚዞረው ያው አንድ አዝማሪ ነው፤ ማታ ለባሻ የዘፈነውን ስንኝ ጠዋት ስሙን ቀይሮ ለአቶ ይርጋ ይዘፍናል።

እኔ ባላገር ልገባ መቀሴን ጠቅልዬ ሳለ ባሻ አስጠሩኝ። ለውድድር መመዝገቢያ አዲስ ካኪ ኮት ያስፈልጋቸዋል፤ አቶ ይርጋ ደግሞ ለጠላቴ አልሰፋም ብለዋል፤ የቅዳሜ ገበያው ሌላ ሰፊ አንዱን እጅጌ ከሌላው አሳጥሮ የሚታወቅ ነው። «የመጣኸው እንደ አማች አይደለም» አሉኝ ከበር ሳልገባ። «እንደ ልብስ ሰፊ ነው።»

«እሺ» አልኩና ልክ ወሰድኩ። «ባሻ፣ ሆድዎ ጨምሯል።»

«አልጨመረም።»

«ጨምሯል። በድሮው ልክ ብሰፋው ንግግር ሲጀምሩ ቁልፉ ይበጠሳል።»

ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። «አንተ ልጅ፣ እውነት ካልተናገርክ ያምሃል?»

«ያመኛል።»

መኪና የለኝምና ግቢያቸው ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ተቀምጬ በእጄ ነው የሰፋሁት። በእጅ ስፌት ቀስ ይላል፤ እኔም አላስቸኮልኩትም። የሺ እንስራ ይዛ ትወጣለች፣ እንስራ ይዛ ትገባለች፤ ቤቱ ውስጥ ያን ያህል ውኃ ምን እንደሚሠራበት እንጃ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና አንዴ ብቻ አጠገቤ ቆም አለች። «ገብስ ምነው መረጡ?» አለችኝ ፊቷን ወደ ወይራው አዙራ።

«የተሻለ ስላጣሁ።»

«ሽንብራ ቢሉ ምን ነበር? እኔን አያገኙም ነበር?»

«አገኝሽ ነበር። በውሸት።»

እንስራዋን አንሥታ ገባች። ማታ ግን የተላከልኝ ራት ላይ የገብስ ቆሎ ነበር፤ ገብስ ብቻ።

ምርጫው ደረሰ። ማንበብ የማይችል እንዲለይ ለየተወዳዳሪው ምልክት ተሰጠ። ባሻ ጋሻ ወሰዱ፤ አቶ ይርጋ መቀስ። የኮላ ድባው ፊታውራሪ በሬ። ሦስቱን ምልክቶች ግድግዳ ላይ ሲያዩ አያ ፈንቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ገበሬ በሬ እያየ መቀስ የሚመርጥ ቅማል ስላለበት ነው» አሉ። እንዳሉትም ሆነ። ባላገሩ በመኪና ተጭኖ እየዘፈነ መጥቶ በሬውን መረጠ፤ ከተማው ግማሹ ጋሻ ግማሹ መቀስ ብሎ እርስ በርሱ ተቆራረጠ። ፊታውራሪው ፓርላማ ገቡ። ጎንደር መጥተው ያመሰገኑን ግን ሸጋ አድርገው ነው፤ «ከጭሰኞቼ ይልቅ የረዳኝ የመድኃኔዓለም ማኅበር ነው» አሉ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ጋሻም መቀስም ዝም አለ። የባሻ ወገኖች ቀስ በቀስ ሌላ ሥራ ያዛቸው፤ ኮቱ ብቻ ቀረ። ኮቱ ግን ልክ ነበር። የፋሲካ ሰሞን የልብስ ብዛት ሲያጨናንቃቸው አቶ ይርጋም «በሠለጠነ አገር ሠራተኛና ጌታ ቂም አይያያዙም» ብለው ቁልፉን መለሱልኝ። በክረምት መውጫ ደግሞ ባሻ አስጠሩኝ፤ ኮቱን ለብሰው ጠበቁኝና «ሆዴን ያልዋሸ ለልጄ አይዋሽም። ጥር እንደገና ይቆረጥ» አሉኝ።

አባ ኪዳኔ ግን አሻፈረኝ አሉ፤ ጽዋውና ሥዕሉ አንድ ቤት ሳይገቡ አልባርክም አሉ። ስለዚህ በሰርጌ ቀን ባሻ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው በቀኝ፣ ባለ ወፍጮው ሥዕሉን አቅፎ በግራ፣ ማን ቀድሞ ዳሱ ውስጥ እንደሚገባ ሲጠባበቁ ሙሽራ እኔ ከውጭ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። አያ ፈንቴ ሁለቱንም ከኋላ ገፍተው አስገቧቸው። ያው አዝማሪም ማሲንቆውን ቃኝቶ እንዲህ አለ፤

ሽንብራ ሲፎክር ባቄላ ሲያጓራ፣
ገብስ ይዞ ሄደ የባሻን ሙሽራ።

ባሻ ራሳቸው ሽልንግ ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ማኅበሩ ከዚያ ወዲህ አልተከፈለም።

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ሁሉ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ትምህርቱንም አብሬ፤ አንዲት ገብስ ብቻ ብትሆን፣ እውነት ከሆነች አትፍሩ፤ ያያችሁትን ተናገሩ፤ ያመናችሁበትን ቅል ውስጥ ጣሉ፤ ያጣችሁት ይመለስላችኋል። ባለፈው እሑድም ይህንኑ በሆዴ እያሰላሰልኩ ሳለ የሺ ውኃዋን ሰጥታ ተመልሳ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሳሎኑ ውስጥ ልጆቹ ይጯጯኻሉ።

«እስቲ ለሰሎሞን የገብሷን ታሪክ ልንገረው?» አልኳት።

«እሱ በቃሉ ያውቀዋል።» ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆሎውን በጣቷ ማገላበጥ ጀመረች። ቆየት ብላ እንደ ቀላል ነገር «ሁለቱም ሽንብራ ነበሩ» አለች።

«ምኖቹ?»

«አባ ኪዳኔ የበሏቸው። የማስታጠቢያውን ገንቦ ይዤ ከመጋረጃው ኋላ፣ ትከሻቸው አጠገብ ነበርኩ እኮ። ሲያነሡ አየሁ። ሁለቱም ሽንብራ።»

ቆጠርኩ። አምስትና ሁለት ሰባት። ባሻ አሸንፈው ነበር። በግልጽ። የእኔ ገብስ ብትኖርም ባትኖርም።

«ታዲያ ምነው አልተናገርሽም?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አይቀርም።

«አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቼ ነበር። ‹እንደራሴ ከሆንኩ አዲስ አበባ ነው የምገባ፤ የእንደራሴ ልጅ ደግሞ ለልብስ ሰፊ አትሰጥም› ብሎ። እርስዎን ልደታ ደጅ አይቼዎት ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ገንቦው አምልጦኝ የተሰበረ መስሎዎት ነው? አባቴ ሰርጉ ፈርሷል ሲል ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቢያሸንፍ ቁጣው ይበርድ ይሆናል ብዬ። መልሼ ሳስበው ካሸነፈማ ጨርሶ አላገኝዎትም። አፌ እንዳይቀድመኝ ጣልኩት።»

«ይህን ሁሉ ዓመት!»

«መቼ ጠየቁኝ? ስለ ገብሱ ሲያወሩ ነው የሚውሉ።»

ያየኸውን ተናገር እያልኩ ስድስት ልጅ ያሳደግኩት ሰው፣ ስድስቱንም ያገኘሁት አንዲት ልጅ ያየችውን ስላልተናገረች ነው። ፊታውራሪው ፓርላማ የገቡትም በዚሁ ነው። ለዚህ የሚሆን ምክር ብፈልግ፣ ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ አንድም አልመጣልኝም።

ሰሎሞን በበሩ ብቅ አለ። «አባባ፣ ድምፅ ልንሰጥ ነው። ትንሽ ወረቀት ይኖርሃል?»

«ጋዜጣውን ቀዳደው» አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሳልመክረው አልሰጠውም ነበር። እሱ ሲገባ ከየሺ ሰፌድ ሁለት ሽንብራ አነሣሁና አፌ ውስጥ ጨመርኩ።

«ሸጋ አድርገሽ ቆልተሽዋል» አልኳት።